ሶፍትዌሩን እስክመርጥ ድረስ

ሰኔ 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሽ ሠረቀብርሃን ዛሬ መጥተው ፈረዱብኝ። በየዓመቱ ሒሳቤን የሚዘጉልኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ በሕይወት ሳለችም እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ሐመልማል፣ ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ አልቀበልሽም። የግብር ደረጃሽ ከፍ ብሏል። የሒሳብ ሶፍትዌር ግዢ። እስከ መስከረም ካልመረጥሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ሌላ ሰው ከየት እንደማመጣ አልነገሩኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮተቤ፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ባለው ግቢያችን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። «ግቢያችን» የምለው ከልማድ ነው፤ አሁን የእኔ ብቻ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም እኔም ሁለቱ ሠራተኞቼም ቀና ብለን አናውቅም። በዚህ ሁሉ ግርግር ላይ ሶፍትዌር ምረጪ! ቤት ያለው ኮምፒውተር እህቴ አፀደ ልጆቿ ሲሰለቹት ያመጣችልኝ ነው። ዳንቴል አልብሼው ተቀምጧል።

ሰኔ 28

መገናኛ ሄድኩ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ገና ጢም ያላወጣ የሚመስል ልጅ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። «ሦስት ዓይነት ሶፍትዌር አለን» አለኝ። «ባለሙያ ሐሙስ ሐሙስ ቤትዎ እየመጣ ይጭንልዎታል፣ ያለማምድዎታል። እስኪመርጡ ድረስ በነፃ ነው። ከገዙ በኋላ ግን ባለሙያው አይመጣም፤ ራስዎን ይችላሉ።»

ማለፊያ ነው። በሁለት ሳምንት እገላገላለሁ።

ሐምሌ 1፣ ሐሙስ

ባለሙያው መጣ። ጎረምሳ ነበር የጠበቅኩት፤ የመጣው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ኤጀታ ይባላል። ፊት ለፊት «አቶ» እና «እርስዎ» እላለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል።

ኮቱ ጥሩ ሱፍ ነው። ገበሩ ግን በግራ ብብቱ በኩል ተተርትሯል፤ እጁን ባነሳ ቁጥር ይታያል። የሚያይለት ሰው እንደሌለው ወዲያው ገባኝ።

የኮምፒውተሩን ዳንቴል አንስቶ ወንበር ላይ አልወረወረውም። በአራት አጣጥፎ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው። ደብረ ሲና ለረጅም ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አሁን ላምበረት፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እዚህ ሥራ ላይ አዲስ ነው። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ጫነልኝ፤ የውጭ አገር ነው። አስረድቶኝ ሲያበቃ «ጥያቄ አለ?» ይላል፣ እንደ አስተማሪ። እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ሐምሌ 8፣ ሐሙስ

ለመለማመጃ የአምናን ደረሰኞች ሳስገባ ዋልኩ። ጥቅምት 30 ለማለት 30/2 ብዬ ብጽፍ እምቢ አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እምቢ። ኤጀታ ሲመጣ አሳየሁት።

«ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነው» አለኝ። «ሠላሳ የለውም።»

«ጳጉሜንስ በስንት ቁጥር ነው የማስገባት? በአሥራ ሦስት?»

«ጳጉሜን አያውቃትም። ሴፕቴምበር ውስጥ ተውጣ ትቀራለች።»

«እንግዲያው አልገዛውም!» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ጊፍቲ የምትባለው ሠራተኛዬ ከስፌት ክፍሉ አንገቷን አወጣች።

እናቴ አምና ጳጉሜ 3 ነው ያረፈችው። ትምህርት ከጨረስኩ ጀምሮ ከእሷ ጋር ነው የኖርኩት፤ መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ሳለች እያጠብኩ፣ እያጎረስኩ። ሰው ሁሉ «ልጅቷ» ይለኝ ነበር፤ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ «ልጅቷ»። አሁን ማንም ምንም አይለኝም። ይህን ሁሉ ለኤጀታ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ «በሚቀጥለው ሐሙስ የአገር ውስጡን አመጣለሁ፤ እሱ ጳጉሜ አለው» ብሎ ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ሐምሌ 15፣ ሐሙስ

የአገር ውስጡ ተጫነ። በአማርኛ ነው። ጳጉሜ አለው! ከነሐሴ ቀጥሎ ቁጭ ብሏል። ሊያቅፈኝ የመጣ ዘመድ እንጂ ሶፍትዌር አልመስል አለኝ። የሙከራ ጊዜው አንድ ወር ነው።

ሁለት ትምህርት ቤት ትእዛዝ አብዝቷል። ሰማያዊ ጨርቅ የለም። መርካቶ መሄድ አለብኝ።

ሐምሌ 18፣ እሑድ

አበላሸሁት። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ 2010 ይላል። ጳጉሜን ለሚያውቅ ሶፍትዌር ይህ ነውር ነው ብዬ ወደ 2002 አስተካከልኩት። ከዚያ ሶፍትዌሩ «የሙከራ ጊዜዎ አልተጀመረም» ብሎ ድርግም አለ። ኤጀታ ጋ ደወልኩ። «አይንኩት፣ ማክሰኞ እመጣለሁ» አለኝ።

ሐምሌ 20

መጣ። ሰዓቱን ሲያየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ወይዘሪት ሐመልማል፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሱት እኮ! ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ያኔ ገና አልተሠራም!»

እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ሆዴን ያዝኩ። ሰዓቱን መልሶ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ከፈተልኝ፤ ያስገባሁት ሁሉ ደህና ነው። «ሁለተኛ ሰዓቱን እንዳይነኩት» አለኝ ሲወጣ፣ አሁንም እየሳቀ።

ሐምሌ 24

ዩኒፎርም ስቆጥር፣ አይሰማኝም ብላ ጊፍቲ ለጓደኛዋ፣ «ሰውየው ሶፍትዌር ነው የሚጭነው ወይስ ቤት ነው የሚሠራው?» ስትል ሰማኋት።

ጓደኛዋ፣ «ተይ እባክሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሽሮዋ ራሱ ይጣፍጣል» አለቻት።

ምንም እንዳልሰማ ሆንኩ። በኋላ ጊፍቲን በአንድ ኮሌታ ሰበብ ተቆጣኋት፤ ኮሌታው ደህና ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም።

ሽሮው ሁልጊዜም ያው ነው።

ሐምሌ 29፣ ሐሙስ

ሁሉም ይሠራል። ደረሰኙ ይገባል፣ ይደመራል፣ ይታተማል። ጋሽ ሠረቀብርሃን እንኳ አይተው «ይኸው ነው፣ ግዢው» ብለዋል። ኤጀታም፣ «እንግዲህ ይስማማዎታል?» አለኝ።

«ሦስተኛውንም ልየው» አልኩት።

«ሦስተኛው ለትልልቅ ድርጅት ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል።»

«ሳላይ እንዴት አውቃለሁ?»

«ልክ ነዎት» አለ። እቃ ስገዛ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ጨርቅም ሳልዳስስ አልገዛም።

ነሐሴ 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አፀደ መጣች። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ቶሎ አልበላንም፤ ስለዚህ ለወሬ ብዙ ጊዜ ነበራት። «ለአንዲት ሲዲ ይህ ሁሉ ጊዜ? እኔ ባሌን እንኳ እንዲህ አልመረጥኩም!» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን አናደደችኝ። እሷ ባል ስትመርጥ እናታችንን ማን ይዞላት ነበር? መቼም አልነገርኳትም፣ ዛሬም አልነግራትም። ደግሞ ሶፍትዌር በየቀኑ አብሮኝ የሚኖር ነገር ነው። ቸኩዬ ገዝቼ ብጸጸት ለማን አለቅሳለሁ?

ነሐሴ 6፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ሶፍትዌር ሊጫን ገና ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን እስኪመጣ ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከእንጦጦ በኩል እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ረጥበው፣ ጎብጠው በአጥራችን ሥር እየወረዱ ነበር። ኤጀታ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ተጠለሉ» አላቸው። በእኔ ግቢ! አልከፋኝም። አልገቡም፤ ከመሸ አይሸጥልንም አሉ።

ከዚያ ስለ ሚስቱ ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሆናት ካረፈች። «ደብረ ሲና ያለው ቤት አስጠላኝ። ምጣዱ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም እሷን ይጠይቀኛል። ለዚያ ነው ትምህርቱን ትቼ ከተማ የገባሁት» አለ። እሱ ጴንጤ ነው፤ «ጌታ ያጽናናል» ይላል፣ ግን ሲለው ዓይኑ አጥሩ ላይ ነበር።

«ኮትዎን ይስጡኝ፣ ገበሩን ልስፋልዎ» አልኩት። እምቢ አለ፣ ለመንኩት፣ ሰጠኝ። በሸሚዝ ሆኖ በዚያ ብርድ ሄደ። መብራቱ የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሶፍትዌር ሳይጫን ቀረ።

ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ነገ እሠራዋለሁ።

ነሐሴ 13፣ ሐሙስ፣ ቡሄ

ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ናቸው። ለኤጀታም ሙልሙል አስቀመጥኩለት። ሦስተኛውን ጫነ። እውነቱን ነው፣ ይከብዳል፤ መዓት ቁልፍ፣ መዓት ጥያቄ። የመጋዘኖችዎን ብዛት ይሙሉ ይላል። መጋዘኔ አንድ ቁም ሣጥን ነው።

ስልክ ተደወለለትና ወደ በረንዳ ወጣ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ነው እንጂ ጆሮ ልጥል አልነበረም። «አዎ… እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ያልከኝ፣ አልረሳሁም… ሌሎቹም ጋ ሄጄ ነበር፣ አልፈለጉም… አይ፣ እሳቸውን ተዋቸው። ጥንቁቅ ሴት ናቸው፣ አይቸኮሉም» ሲል ሰማሁ።

ጥንቁቅ ሴት! ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የወሩ መጨረሻ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የመሥሪያ ቤት ነገር ነው። ኮቱን ሲጠይቀኝ ገና አልደረስኩበትም አልኩት። ውሸት አይደለም፣ የዩኒፎርሙን ጥድፊያ ማንም ያውቀዋል።

ነሐሴ 18

የአገር ውስጡ ሶፍትዌር ተዘጋ። ኮምፒውተሩ እንደገና 2002 ይላል። እንዴት እንደሆነ እንጃ። መብራት ስለሚሄድ ይሆናል። ደወልኩለት። ነገ ይመጣል።

ነሐሴ 19፣ ረቡዕ

መጣ። ዛሬ አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መልሶ ሰዓቱን። ፊቴ ጋለ። ጊፍቲ መርፌ ፍለጋ ገብታ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«የሰዓቱ ባትሪ ይሆናል» አለ። «ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል።» ከቦርሳው አዲስ ባትሪ አውጥቶ ቀየረው። ባትሪ ይዞ እንደሚዞር አላውቅም ነበር።

«ዛሬ ስለመጣሁ ነገ አልመጣም» አለኝ በር ላይ። ረቡዕ መጥቶ ሐሙስ ቀረ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ነሐሴ 23

ሦስት መቶ ሹራብ ሊረከቡ መጡ። ሁለት ልኬት ተሳስተናል። ጊፍቲ አመማት። እኔም እጄን መርፌ ወጋኝ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ደውለው «መረጥሽ?» አሉ። ላደርስ ነው አልኩ።

ነሐሴ 27፣ ሐሙስ

የገበሩን ሥራ ትናንት ጨረስኩ። ያለኝን ጥሩ ሳቲን አገባሁለት፤ ከውጭ አይታይም፣ ለባሹ ግን ያውቀዋል። ለብሶት እጁን አነሳ፣ ዝቅ አደረገ። «ሞቀኝ» አለ።

ከዚያ ተቀመጠና በሌላ ድምፅ፣ «ወይዘሪት ሐመልማል፣ የትኛውን ይመርጣሉ?» አለኝ። አስተማሪ መልሱን እያወቀ እንደሚጠይቀው አይደለም። እንደማያውቅ ሆኖ ጠየቀኝ።

«ጳጉሜ 3 የእናቴ ሙት ዓመት ነው» አልኩት። «እሱ ይለፍና እወስናለሁ። ጋሽ ሠረቀብርሃንም የሰጡኝ እስከ መስከረም ነው።»

«እሺ» አለ። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።» የሚቀጥለው ሐሙስ ጳጉሜ 4 ነው፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝም። በሩ ጋ ቆሞ ባሕር ዛፉን አየ፣ ግቢውን አየ። የሆነ ነገር ሊለኝ መሰለኝ። ታክሲ እንዳያመልጥዎ አልኩት። ለምን እንደዚያ አልኩ? ታክሲው በየደቂቃው ነው ያለው።

ጳጉሜ 3

ዘመድ መጣ፣ ጸበል ጻድቅ ተቀመሰ፣ ሄደ። ካህኑ የእናቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። አፀደ አለቀሰች። እኔ ሳህን ስለቅም ማልቀስ አልደረሰኝም። ሁሉም «አሁን እንግዲህ አረፍሽ» ይሉኛል። ከምን?

ጳጉሜ 4፣ ሐሙስ

አልመጣም። በዓሉ ስለደረሰ ይሆናል። መደወል አስቤ ተውኩት። ምን ብዬ? ሁሉም ነገር ይሠራል።

ሽሮው ተረፈ። ጊፍቲ አየችው። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዛሬ መገናኛ ሄጄ፣ «የአገር ውስጡን እገዛለሁ» አልኩ። ኤጀታን ቢሮ ውስጥ አገኘው ይሆናል ብዬ አዲሱን ሹራቤን ለብሼ ነበር። ያው ልጅ ነው የተቀበለኝ። «አቶ ኤጀታ የሉም?» አልኩት።

«አሰናበትነው፤ በነሐሴ መጨረሻ» አለ። «ጥሩ ሰው ነው፣ ግን መሸጥ አይሆንለትም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ እንኳ ካልሸጥክ አትቀጥልም ብለነው ነበር። ሰውየው ግን ክረምቱን በሙሉ አንዲት ደንበኛ ቤት ሲመላለስ ከረመ። የታክሲውን ከኪሱ እየከፈለ! ከሐሙስ ውጭ ሁሉ ይሄድ ነበር።»

«ደንበኛዋ ማን ናት?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

ፋይሉን ገለጠ። ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና «አድራሻዎ ኮተቤ ነው አይደል?» አለኝ። ከዚያ ጆሮው ቀላ፣ ወረቀት ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በእግሬ መጣሁ። ጥንቁቅ ሴት። እኔ ሙልሙል ሳስቀምጥለት እሱ እንጀራውን እያጣ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር እኮ፣ ሰምቻለሁ እኮ። «የወሩ መጨረሻ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? የከበደኝ መልሱ ነው።

መስከረም 6፣ ሐሙስ

ሌላ ልጅ መጥቶ የተገዛውን ጫነልኝ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፤ ዳንቴሉን መሬት ላይ ጣለው። ሻይ አልፈልግም አለ። የሙከራው ጊዜ ከእንግዲህ የለም፣ ሰዓቱን ቢነኩትም አይዘጋም አለኝ። ከምሳ በፊት ጨርሶ፣ «ሁለተኛ ባለሙያ አይመጣም» ብሎ ሄደ።

ጋሽ ሠረቀብርሃን ደስ ብሏቸዋል። «አየሽ፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ» አሉኝ።

ጸጥ ብሏል ቤቱ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ ጸጥ አላለም፤ ያኔ ለቀስተኛ ነበረ።

መስከረም 12

ደወልኩለት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆይቼ ረፋዱ ላይ ነው። ወዲያው አነሳው። ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ደብረ ሲና ተመልሷል፤ የድሮው ትምህርት ቤቱ ወስዶታል።

«ሶፍትዌሩ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ደህና ነው። ገዛሁት።»

«እንኳን ደስ ያለዎት። ጥሩ መርጠዋል።»

«አቶ ኤጀታ፣ በእኔ ምክንያት ነው ሥራዎን ያጡት። ነገሩኝ።»

«አይ፣ ይህ አይነሳ» አለ። «እዚህ ደህና ነኝ። ቤቱንም ቀለም ቀባሁት።»

እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ይስማ ብዬ ተውኩት። «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልሸጡ እንደሚባረሩ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቃል ነበር እኮ! ለምን አልነገሩኝም?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ብነግርዎት ይገዙ ነበራ።»